ማንም ያልከፈተው ጣሳ

የአዛውንቱ አፍ እንደተከፈተ ቀርቷል። ከከንፈራቸው ጥግ በምራቅ የላመ የዳቦ ፍርፋሪ ወደ አገጫቸው ወርዶ ደርቋል፤ አንዲት ዝንብ እዚያው ላይ አርፋ እግሮቿን ታፋትጋለች። ሳጅኑ የክፍሉ በር ላይ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ኮሪደሩ እንዳዞረ ነበር የሚናገረው።

«ምሳ በልተው ጋደም እንዳሉ ነው፣ ኢንስፔክተር። ተንከባካቢያቸው ጥርሳቸውን ገጥማ ደረቅ ዳቦ አጉርሳ ትታቸው ሄደች፤ ጉሮሯቸው ላይ ተሰነቀረ። ‹ሾርባ ብቻ ነው ያበላኋቸው፤ ጥርሳቸውንም አውልቄዋለሁ› ትላለች። ይኸው ጥርሱ! ይኸው ዳቦው! ውሸት እንኳ አልቻለችበትም።»

«አሁን የት ናት?»

«መኪናው ውስጥ፣ በካቴና። እርስዎ አየት አድርገው ‹ይሁን› ካሉኝ ወደ ጣቢያ እወስዳታለሁ። ብቻ ቶሎ ይበሉልኝ፤ ይኼ ሽታ...»

ሽታው የሞት አልነበረም። የቆየ ሽንት፣ የሕመም ማሻሻ ቅባት፣ መስኮቱ ሳይከፈት የከረመ ክፍል፤ ሰው በሕይወት እያለ የሚሸተው ሽታ ነው።

መርማሪዋ ጓንቷን አጥልቃ አጎነበሰች፤ የሟቹን የላይኛ ከንፈር በጣቷ ገለጥ አደረገች። ሰው ሠራሹ ጥርስ ከድዱ ጋር አልተገናኘም፤ ልኩ እንዳልሆነ ክዳን ይንቀዋለላል። ጥርሶቹ ደቃቅ፣ ነጫጭ ናቸው። የሰውዬው መንጋጋ ግን ሰፊ ነው። ጥርሱን አውጥታ ገለበጠችው። ላንቃ በሚነካው በኩል የራሰ ወረቀት ቁራጭ ተጣብቋል፤ ነጭ፣ ዳሩ ላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ያለው። ከዚያ ዳቦውን በመቆንጠጫ ሳበችው። በእጅ የተቆረሰ ነው፤ የተነከሰበት ምልክት የለውም።

«ሳጅን፣ እስቲ ትራሱን ገልብጠው።»

ከሥር በኩል የአፍና የአፍንጫ ቅርጽ የያዘ እርጥብ ማኅተም ነበር፤ ደም የነካው ልጋግ ዳሩን ዞሮታል። ሳጅኑ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወጣ።

ተንከባካቢዋ መኪናው ውስጥ አንገቷን ደፍታ አገኘቻት።

«ጥርሳቸውን የት አደረግሽው?»

«ወጥ ቤት፣ ጣሳ ውስጥ። ሻይ አጠቁሮት ስለነበር በኮምጣጤ ዘፍዝፌው ከድኜዋለሁ። ‹ክፈቱና እዩልኝ› ብዬ ለመንኩ፤ ሁሉም አፍንጫውን ይዞ ዘወር አለ።»

«በዚህ ቤት ሌላ ሰው ሠራሽ ጥርስ አለ?»

ልጅቷ ፊቷን ወደ መኪናው መስኮት አዞረች።

«ተናገሪ እንጂ።»

«የሰው ገመና አላወጣም፣ እትዬ። ቃል ገብቻለሁ።»

«ገመናው የሰው ነው፤ እስሩ ግን ያንቺ ነው።»

«ቢሆንም።»

ወጥ ቤት ውስጥ ጣሳው ከምጣዱ ጀርባ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። የሟቹ ልጅ አስተማሪ ናት፤ መርማሪዋ እጇን ወደ ክዳኑ ስትዘረጋ አይታ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«እባክሽ እኔ ፊት አትክፈቺው! አባቴን እወደው ነበር፤ ግን ያ ጥርስ... ሲያወልቀው የሚያሰማው ድምፅ፣ ፊቱ ደግሞ በአንዴ ጎድጉዶ የማላውቀው ሰው ሲሆን... ይህቺን ልጅ የቀጠርኳት እንዳልነካው ብዬ ነው።»

«ባለቤትሽስ?»

«እሱማ ይብሳል። ቤት ሁሉ ፈልጎ አግኝቶ ነበር። ‹አባቴ እያለ ከዚህ ቤት አልወጣም› አልኩት።»

ክዳኑ ተነሣ። ቡናማ እድፍ በሰፈፈበት ኮምጣጤ ውስጥ ሰፋፊ፣ ቢጫ ጥርሶች ጉብ ብለው ይስቃሉ።

ሳሎን ውስጥ የሟቹ ታናሽ ወንድም ሲጋራውን ሳያበራ በጣቶቹ ያሽከረክራል። ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው፤ ለምሳ መጥቶ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎት ነበር።

«እኔን ጠርጥሪኝ እንጂ» አላት። «ከወንድሜ ጋር ሃያ ዓመት በአጥር ተጣልተናል፤ ስንታረቅ ደግሞ በኳስ። ግን ብገድለው ኖሮ ከምሳ በፊት ነበር የምገድለው፤ የሱን ድርሻ ዳቦ እበላው ነበር።» ሊስቅ ብሎ አልሆነለትም። «ጥርስ ሐኪም ጋ ያመላለስኩት እኔ ነኝኮ። ደሞ እሱን ብቻ እንዳይመስልሽ...»

ምላሱን ነከሰ። ዓይኑ ወደ ወንድሙ ሚስት ክፍል በር ሄደ።

አማችየው፣ የአስተማሪዋ ባል፣ የሆቴል መስተንግዶ ኃላፊ ነው። መርማሪዋን የተቀበላት ከመታጠቢያ ቤት እየወጣ፣ እጁን በሶፍት እያደራረቀ ነበር። ሶፍቱ ከሆቴሉ የመጣ ነው፤ ዳሩ ላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር አለው።

«መኪና እያጠብኩ ነበር» አለ ሳይጠየቅ። «ልጅቷ ወጪት ሰባሪ ናት፤ ሦስት ዓመት ካበላናት በኋላ! እርግጥ ሥራው ያስጠላል። እሳቸው ገበታ ላይ ጥርሳቸውን አውልቀው በሻይ ብርጭቆ ያጥቡታል። ከዚያም ያንኑ ሻይ ይጠጡታል። እኔ ሆቴል ስንት እንግዳ አስተናግጃለሁ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ግን...» አንገቱን ነቀነቀ።

«ጥርሳቸው ሁልጊዜ የት ይቀመጣል?»

«እዚህ መታጠቢያ ቤት፣ መደርደሪያው ላይ ባለው ብርጭቆ። ፊቴን በታጠብኩ ቁጥር ያፈጥብኛል።»

ብርጭቆው ውስጥ አሁን ጥርስ የለም፤ ውሃው ላይ የሳሙና አረፋ ቀርቷል።

እማማ፣ የሟቹ ሚስት፣ ክፍላቸው ውስጥ መሀረብ አፋቸው ላይ ጭነው ተቀምጠዋል። ሰዉ ሁሉ ሐዘን መስሎታል። መርማሪዋ በሩን ዘግታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ራስጌያቸው ላይ ክዳን ያለው ኩባያ አለ፤ አንሥታ አየችው። ባዶ ነው።

«አማችዎ ሊያጽናናዎት መጥቶ ነበር አሉ።»

«በሩን ዘጋሁበት» አሉ፣ ከመሀረቡ ሥር፣ በታፈነ ድምፅ።

«እማማ፣ ልጅቷ ልትታሰር ነው።»

«አውቃለሁ።»

«የሰው ገመና አላወጣም አለችኝ።»

አሮጊቷ መሀረቡን ይበልጥ ወደ አፋቸው ጫኑት።

«ልጄ፣ እኔን አትጠይቂኝ። ከርሱ ጋር አርባ ዓመት ስኖር አንድ ክብር ነው የተረፈኝ።»

መርማሪዋ ተነሣች። ክንዳቸውን ይዛ ደግፋ ወደ ሳሎን አመጣቻቸውና ሁሉም ባሉበት አስቀመጠቻቸው። ሳጅኑም ገባ።

«አባባን ዳቦ አልገደላቸውም» ብላ ጀመረች። «የገደላቸው ትራስ ነው፤ ምስክሩ ሥሩ ላይ ታትሟል። ዳቦው የገባው ከሞቱ በኋላ ነው፤ በእጅ ተቆርሶ። ገዳዩ ጥፋቱ በተንከባካቢዋ እንዲሳበብ ፈለገ። ግን ጥርስ የሌለው ሰው ደረቅ ዳቦ አይጎርስም። ስለዚህ ጥርስ አስፈለገው።»

«እሷው ራሷ ገጥማላቸዋለችኮ!» አለ አማችየው።

«የአባባ ጥርስ ጣሳ ውስጥ ነበር። አሁንም እዚያው ነው። ማንም ስላልከፈተው ማንም አላየውም።»

አስተማሪዋ ቀና አለች። «ታዲያ አፉ ውስጥ ያለው...»

«የሌላ ሰው ነው። ትንሽ ነው፤ አፋቸው ውስጥ ይዋልላል። ዛሬ ከምሳ በኋላ ልጅቷ ሁለት ጥርስ አጠበች። የአባባን ኮምጣጤ ውስጥ ዘፈዘፈች፤ ሁለተኛውን፣ ባለቤቱ እስኪነቃ፣ መታጠቢያ ቤት የአባባ ብርጭቆ ውስጥ አኖረች። ገዳዩ ብርጭቆውን አየ፤ ከወትሮው የተለየ ምንም አልታየውም። በዚህ ቤት ሁለት ጥርስ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ግን ከመንካቱ በፊት ‹የማን ነው?› ብሎ ያይ ነበር። አንቺ፣ ልጃቸው፣ ታውቂያለሽ?»

አስተማሪዋ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ጋሼም ያውቃሉ፤ አመላልሰዋል። ልጅቷማ በየቀኑ ታጥበዋለች። ያላወቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ደግሞም ጥርሱን በባዶ እጁ መያዝ አስጠልቶት በሶፍት ነው ያነሣው። የሶፍቱ ቁራጭ ላንቃው ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፤ ሰማያዊ መስመር አለው።»

ሁሉም ወደ አማችየው ዞሩ።

«ሶፍቱን ሁላችንም እንጠቀማለን!» አለ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ። «ሁለተኛው ጥርስ ደሞ የማን ነው? ማን አየው? ተረት ነው የምታወሪው! ባለቤቱ ካለ ይታይ!»

መርማሪዋ ወደ እማማ አልዞረችም። እማማ ራሳቸው መሀረቡን ዝቅ አደረጉ። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ከንፈራቸው ተሸብሽቦ በአፋቸው ተውጧል።

«የኔ ነው» አሉ። «አንተ ፊት አንድም ቀን አውልቄው አላውቅም።»

አማችየው አያቸው፤ ወዲያው ፊቱን አዞረ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ መናገር የጀመረው በሥራ ቦታ እንደሚናገር፣ በተስተካከለ ድምፅ ነበር።

«ተኝተው ነበር። ትራሱን አንሥቼ ጫንኩት፤ ብዙም አልታገሉም። ቀላል ነበር።» ጣቶቹን ተመለከተ። «ጥርሱ ግን... ያንሸራትታል። በሶፍቱ ውስጥ እንኳ ይሰማኛል። አፋቸውን ስከፍት ምራቃቸው አውራ ጣቴን...» አጎንብሶ ምንጣፉ ላይ አስታወከ።

ዝንቧን፣ ልጋጉን፣ ጣሳውን ሳትሸሽ ያየችው መርማሪ አሁን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ሚስቱ ጠዋት ሲሰናበታት የዳሰሰውን ክንዷን በቀሚሷ ጨርቅ ደጋግማ ጠረገች። ሹፌሩ ሲጋራውን ጨፍልቆ ጣለው።

«ወንድሜ ላይ ትራስ ጭነህ፣ ጥርስ ትጠየፋለህ?»

ሳጅኑ የተንከባካቢዋን ካቴና ፈትቶ አማችየውን አሰረበት። ልጅቷ ከመኪናው ወርዳ ሲይዟት መግቢያው ላይ የቀረውን ሻንጣዋን አነሣች። አስተማሪዋ ሮጣ ደረሰችባት።

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አላወቅኩም... እናቴ ሌላ ሰው አታስነካም። ነገ ትመጫለሽ አይደል?»

ልጅቷ ካቴናው ያሳበጠውን አንጓዋን እያሸች ዞረች።

«ሲያስሩኝ እዚህ በር ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር፣ እትዬ» አለች። «እማማ እራት የሚበሉት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ሾርባውን አቀዝቅዘው፣ በትንሽ ማንኪያ፣ ከጎናቸው ተቀምጠው ያብሏቸው። ሲተፉብዎት አይቆጡ።»

የግቢውን በር ከፍታ ወጣች። አስተማሪዋ እጆቿን ወደ ፊቷ ዘርግታ እያየች፣ ከውስጥ እናቷ እስኪጠሯት ድረስ እዚያው ቆማ ቀረች።