ቤታቸውን ያልለቀቁ ብሎኖች

ቴስታታው የለም።

ሳጅኑ አንገቱን በተከፈተው የመኪና ኮፈን ስር አስገብቶ አየ። የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ትናንት ተገጥሞ የተሞከረው አዲሱ ቴስታታ፣ ተፈቶ ተወስዷል። የጋራዡ ቁልፍ በብረት መጋዝ ተቆርጦ ደጃፉ ላይ ወድቋል። ዕለቱ ሐሙስ ነው። የዳገቱ የመኪና ውድድር እሑድ ጠዋት ነው።

«ሦስት ቀን ቀረኝ» አለች የመኪናው ባለቤት፣ ፋርማሲስቷ። ነጩን ጋውኗን እንደለበሰች ነበር ከመድኃኒት ቤቷ የሮጠችው።

ሳጅኑ ሊያጽናናት ይገባ ነበር። እሱ ግን፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ በደስታ ልቡ ሊወጣ ደርሶ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የሞባይልና የቦርሳ ሌባ ሲያባርር ኖሮ፣ ዛሬ ገና ሞተር ተሰረቀ ብሎ የሚጠራው ሰው አገኘ። ሚስቱ «የእኔን ድምፅ ሳትሰማ የመኪና ድምፅ ከሦስት ሰፈር ትለያለህ» ትለዋለች። አልዋሸችም።

መኪናው የፋርማሲስቷ አባት ንብረት ነበር። አረንጓዴ፣ ክብ መብራት፣ ዕድሜው ከእሷ የሚበልጥ። አባቷ በዚህ መኪና ሰባት ዓመት ዳገቱን ተወዳድረው ሰባቱንም ጊዜ ሁለተኛ ወጡ። አንደኝነትን ሳያዩ ሞቱ። እሷም አልጋቸው አጠገብ ቆማ አንደኛ አወጣዋለሁ ብላ ቃል ገባች። መንገዱ ደግሞ ከዘንድሮ ወዲያ ለውድድር ይዘጋል። ለዚህች ሴት ከፊታችን እሑድ ሌላ እሑድ የላትም።

ሳጅኑ ምን ምን እንደተቀየረ ጠየቃት። ከጋውኗ ኪስ ማስታወሻ ደብተር አወጣች። ለሁለት ወር ከመካኒኳ ጋር የተሟገተችበት ሁሉ ተጽፏል። ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ሁለት ይሁን? ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት ይለወጥ? የጭስ ማውጫው ማርሚታ ይስፋ? ወይስ ነዳጁን አብዝቶ የሚያምቅ አዲስ ቴስታታ ይምጣ? እሷ ቴስታታውን መረጠች፤ ከሁሉ የበለጠ ጉልበት የሚሰጠው እሱ ነው። የአባቷ የልብ ወዳጅ የሆኑት ሽማግሌው መካኒክ፣ እሷ ጋሼ የምትላቸው፣ ሽንጣቸውን ገትረው ተቃወሙ። ሸክሙን እንቀንስ፣ ካምቢዮውን ለዳገት እናስተካክል፣ ማርሚታውን እናስፋ አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ ብለውም አስጠነቀቋት። አልሰማቻቸውም።

«ታዲያ ማን ገጠመው?»

«እሳቸው ራሳቸው። ትናንት ከሙከራው በኋላ ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። ተስማሙ ብዬ ደስ አለኝ።»

ሳጅኑ እንደገና ጎንበስ አለ። በዚህ ጊዜ ነው ያየው።

አሥሩም ብሎኖች ቦታቸው ላይ ናቸው። ቴስታታው ከተነሳ በኋላ ሌባው እያንዳንዱን ብሎን ወደ ገዛ ቀዳዳው መልሶ፣ በጣቱ ሁለት ዙር ብቻ አጥብቆታል። አራቱ ሲሊንደሮች ላይ አቧራ እንዳይገባ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ፣ ጠርዙ ዙሪያውን ተሸጉጧል።

«ይሄ ምን ዓይነት ሌባ ነው?» አለ ሳጅኑ። የሚሰርቀውን ሞተር አልብሶ የሚሄድ ሌባ አይቶም ሰምቶም አያውቅም።

የተጠረጠሩት ሁለት ነበሩ። አንደኛው መኪናው ይሸጥ እያለ የሚጨቃጨቀው ታላቅ ወንድሟ ነው። ሳጅኑ ብዙ አልደከመበትም። መፍቻ ሰጥቶ አንድ ብሎን ፍታልኝ አለው። ወንድምየው ላብ እስኪያጠምቀው ታግሎ ብሎኑን ይብስ አጠበቀው። እንዲህ ያለው ሰው ቴስታታ ሊያወርድ ቀርቶ የውኃ ጠርሙስ መክፈቱም ያጠራጥራል።

ሁለተኛው የቀይ መኪናው ባለቤት ነው፤ ሰዉ ሮኬት ይለዋል። ላለፉት ዓመታት አንደኛ የሚወጣው እሱ ነው። «ያ አሮጌ መኪና የዳገቱን አናት አያየውም» ሲል ሰው ሰምቶታል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ድሮ የሽማግሌው መካኒክ ተማሪ ነበር። ሳጅኑ እጅ ከፍንጅ የያዘው ያህል እየበረረ የሮኬት ጋራዥ ደረሰ።

ሮኬት የገዛ ሞተሩን ፈቶ ክንዱ ድረስ በዘይት ተነክሯል።

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ከዚህች መኪና ጋር ነው የማድረው፤ ሚስቴን ጠይቃት፣ እያለቀሰች ትነግርሃለች።»

«የሷ ቴስታታ ተሰርቋል።»

ሮኬት መፍቻውን አስቀመጠ። ፊቱ ጨለመ። «ታዲያ እሑድ ከማን ጋር ልወዳደር ነው?»

ሳጅኑ ሊመልስለት አፉን ሲከፍት ዓይኑ ወለሉ ላይ አረፈ። አንድ ትልቅ የወተት ጣሳ ውስጥ የሞተሩ ብሎኖች በሙሉ ትልቅ ትንሹ ተደባልቀው ተከምረዋል።

«ብሎኖቹን ወደ ቀዳዳቸው አትመልስም?»

ሮኬት ሳቀ። «አንተም የሽማግሌው ተማሪ ነበርክ እንዴ? ብሎን ቤቱን አይልቀቅ፣ ሁለት ዙር በጣት! እጄን በመፍቻ እየመቱ ሊያስለምዱኝ ሞከሩ፤ አልሆነም። በዚህችው ጣሳ ምክንያት ነው ያባረሩኝ። ከእሳቸው ሌላ እንዲህ የሚሠራ ሰው አላውቅም።»

ሳጅኑ ደስታው እንደ ጭስ ተነነበት። ገብቶት ነበር።

ፋርማሲስቷን ይዞ ወደ ሽማግሌው ወርክሾፕ ሄደ። መፍቻዎቹ በየቁመታቸው ግድግዳው ላይ ተሰልፈዋል። ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሳጅኑ ገና ሳይጠይቃቸው እጃቸውን ወደ ጠረጴዛው ስር ዘረጉ። ቴስታታው እዚያ ነው፤ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ጋሼ?» አለች ፋርማሲስቷ። «ለምን? ብቻ ለምን እንደሆነ ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አላዩዋትም። «ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ ብሎክ ስንጥቅ አለበት፣ ልጄ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል። ይሄ ቴስታታ ያለው እንደሆነ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ይፈነዳብሻል።»

«መቼ ተሰነጠቀ?»

«አባትሽ የመጀመሪያውን ውድድር ሊወዳደር ሁለት ቀን ሲቀረው። የማቀዝቀዣውን ውኃ ሳልሞላ አስነሳሁት። እኔ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እያልኩ ሰው የማስተምረው ሰውዬ፣ ቸኩዬ ውኃ ረሳሁ። ደብቄ ጠገንኩት። ከዚያ ደግሞ ጨርሶ እንዳይፈነዳ ፈራሁ። የነዳጅ ፔዳሉን ገመድ አላላሁት። አባትሽ ፔዳሉን ወለል ድረስ ሲረግጥ፣ ካርቡራተሩ ከግማሽ ትንሽ አልፎ ብቻ ነበር የሚከፈተው።»

«ሰባቱንም ዓመት?»

«ሰባቱንም።»

ሳጅኑ ካቴናው ቀበቶው ላይ ከበደው። ሽማግሌው ከመናገር መስረቅን መርጠዋል፤ ወዳጃቸውን ለሁለተኝነት የዳረጉት እሳቸው መሆናቸውን ልጅቱ ከምታውቅ፣ ሌባ ተብለው ቢታሰሩ ይሻላቸው ነበር።

ፋርማሲስቷ አለቀሰች። ከዚያ ደግሞ በጣም ተቆጣች፤ አባቷ ከየውድድሩ ሲመለሱ እንዴት ዝም ብለው ግድግዳ ያዩ እንደነበር አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ሁሉንም ሰሙ። በመጨረሻ እንባዋን በጋውኗ እጅጌ ጠርጋ ጠየቀች።

«አሮጌው ቴስታታ ቢመለስ፣ ገመዱ ቢጠብቅ፣ ብሎኩ ዳገቱን ይችላል?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። «ዳገቱ አራት ደቂቃ ነው። ውኃው ሙሉ ከሆነ ይችላል። ያኔም ይችል ነበር። ያልቻልኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ይነሱ» አለች። «ሸክም መቀነስ፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ ብለውኝ ነበር። እሑድ ደግሞ ከጎኔ ይቀመጣሉ። ከፈነዳም አብረን ነው።»

ሳጅኑ መዝገቡ ላይ «ዕቃው ተገኝቷል፣ ከሳሽ ክሷን ትታለች» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ሸክም እንዲቀንስ የመኪናውን የኋላ ወንበር ሲነቅል ዋለ።

እሑድ ጠዋት ዳገቱ አናት ላይ ሰዉ ግጥም ብሏል። ሮኬት ቀድሞ ነድቶ ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ ስምንት ሰከንድ አስመዝግቧል። ሳጅኑ የሰዓት መቁጠሪያውን ጨብጦ ቆሞ ነበር። አረንጓዴው መኪና ገና ከታች ሳይታይ ድምፁ መጣ፤ ወፍራም፣ ሙሉ፣ ያልታፈነ ድምፅ። ሁለተኛውን መታጠፊያ አለፈ። ሦስተኛውን አለፈ። የሳጅኑ እግር አላስቆም አለው። መኪናው መስመሩን ሲያቋርጥ ቁጥሩን አየ፣ ዓይኑን አሽቶ ደግሞ አየ። ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ ስድስት።

ሮኬት ራሱ ቀድሞ አቀፋት። ፋርማሲስቷ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ሰው ትከሻው ላይ ሊሸከማት ይታገላል። ሳጅኑ ሽማግሌውን ሊያመሰግን ዞር ሲል ወንበራቸው ባዶ ነው። ከመኪናው ፊት ለፊት አገኛቸው። ኮፈኑን ከፍተው፣ በአንድ እጃቸው የውኃ ጆግ ይዘው፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ቆመው እየጠበቁ ነበር።