የተዘለሉት ገጾች

ቀጮ ሦስቱን ወረቀቶች እንደ አንድ ወረቀት ጨብጣ ገለጠቻቸው። ከዚያ ምንም እንዳላደረገ ሰው ጉሮሮዋን ጠራርጋ ቀጠለች።

«የጥርስ አያያዝ» ብላ አነበበች። «ጥርሳችንን ጠዋትና ማታ መቦረሽ አለብን።»

«እሺ፣ ጥርስ» አለ አባቷ ከስፌት መኪናው ኋላ። «ጥርስ ደግሞ ምን ነውር አለው? ቀጥይ።»

አባቷ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነው። የሰው ልብስ አቃጥሎ አያውቅም፤ በዚህ ሳምንት ግን የራሱን መነጽር ተኮሰው። ሱሪ ሥር አስቀምጦ ረሳውና ትኩሱን ካውያ አሳረፈበት። መነጽር ሠሪው ከሰኞ በፊት አይደርስም ብሎታል። የወላጆች ስብሰባ ደግሞ ነገ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ሰማያዊ መጽሐፍ ከገባ በኋላ ነው። ልጆች ሲያድጉ ሰውነታቸው እንዴት እንደሚለወጥ የሚያስረዳ መጽሐፍ ነው። ባለፈው ስብሰባ ባለዳቦ ቤቱ ተነስቶ «ልጆቻችንን ሊያባልግብን ነው! ይውጣልን!» እያለ አዳራሹን አናወጠው። ግማሹ ወላጅ አጨበጨበ፤ ግማሹ አጉረመረመ። ርዕሰ መምህሩ «ለመሆኑ ከመካከላችሁ መጽሐፉን ያነበበ አለ?» ሲል ግን ሁሉም ጭጭ። በመጨረሻ አንድ ሰው አንብቦ ይምጣና በእሱ ቃል እንወስን ተባለ። ሁሉም ዞሮ የቀጮን አባት አየ። ሌላ ምክንያት የለውም፤ አዳራሹ ውስጥ መነጽር ያደረገው እሱ ብቻ ስለነበረ ነው።

መነጽሩ ሲጠበስ የማንበቡ ዕዳ በቀጮ ላይ ወደቀ።

ቀጮ መጽሐፉ እንዲወጣ አትፈልግም። ምክንያቱን ግን ለማንም መናገር አትችልም። ባለፈው ወር ሴቶች መጸዳጃ ቤት ውስጥ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ስታለቅስ አገኘቻት። ልጆቹ ድምቡሼ የሚሏት ናት። «ልሞት ነው መሰለኝ» አለቻት ድምቡሼ እየተንሰቀሰቀች። «በናትሽ ለማንም እንዳትነግሪ!» ቀጮ እጇን ይዛ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወሰደቻትና ጥግ ላይ ተቀምጠው አሁን የዘለለቻቸውን ገጾች አብረው አነበቡ። ድምቡሼ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ «በቃ? ይሄ ብቻ ነው እንዴ?» አለች። ከዚያ ሁለቱም ያለ ምክንያት መሳቅ ጀመሩና ላይብረሪያኗ አባረረቻቸው።

ድምቡሼ ማለት ደግሞ የባለዳቦ ቤቱ ልጅ ናት።

ስለዚህ ቀጮ ዘዴ ዘየደች። አባቷ እነዚያን ገጾች ካልሰማ የሚያስቆጣው ነገር አይኖርም፤ ካልተቆጣ መጽሐፉ ይተርፋል። እሷም አባቷ ፊት ያንን ጉድ ከማንበብ ትድናለች። እሱን ስታስበው ገና ፊቷ ቲማቲም ይመስላል።

«ቆይ እስቲ» አለ አባቷ። መኪናውን አቆመ። «ስንት ወረቀት ነው የገለጥሽው?»

«አንድ ነዋ!»

«ቀጮዬ፣ ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አልተተኮሰም። የአንድ ወረቀት ድምፅ ሌላ ነው፣ የተደረበ ድምፅ ሌላ ነው። ዕድሜ ልኬን ጨርቅ ስገልጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ድርብ ነገር ሊያመልጠኝ?»

ቀጮ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። «እሱን... እሱን እማዬ ታንብብልህ።»

«እኔን እዚህ ውስጥ አታስገቡኝ!» አለች እናቷ ከጓዳ። ጆሮዋን ጥላ ስትሰማ እንደነበር ያን ጊዜ ታወቀ።

አባቷ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ጣቱ ላይ ያለውን የመስፊያ ቆብ እያወለቀ፣ «ነገ ሰው ፊት ቆሜ ‹አንብቤዋለሁ› ልል ነው» አለ። «ዘልዬ ‹አንብቤዋለሁ› ካልኩ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ከዚያ በኋላ ማን ጨርቁን አምኖ ይሰጠኛል? ደግሞ ነገ አንዱ ተነስቶ ያንን ገጽ ቢገልጥብኝስ?»

ይህን አላሰበችውም ነበር። ለመጽሐፉ ብላ አባቷን ውሸታም ልታደርገው ነበር ማለት ነው።

«አፍራለሁ፣ አባባ።»

«እኔስ? ይኸው ላብ አጥምቆኛል!» አለና ትንሽ አሰበ። «እንደሱ ከሆነ እንዲህ እናድርግ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እሰፋለሁ። አንቺ ከኋላዬ ታነቢያለሽ። ማንም ማንንም አያይም።»

ወንበሩን አዞረ፤ መኪናውንም እየጎተተ አዞረው። ቀጮ ወደ ኋላ ተመልሳ የመጀመሪያውን የተዘለለ ገጽ ገለጠች።

ስለ ወንዶች ልጆች ነው የሚጀምረው። ድምፃቸው ይጎረንናል፣ ብጉር ያወጣሉ። አባቷ ቀስ ብሎ እየሰፋ፣ «እውነት ነው፣ የኔ ድምፅ ክፍል ውስጥ ግጥም ሳነብ ነው የከዳኝ። ዓመቱን ሙሉ ፍየሉ ይሉኝ ነበር» አለ። ቀጮ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ የሴቶች ልጆች ተራ ደረሰ።

«‹የወር አበባ›...» ብላ ስትጀምር መኪናው ጠጠጠጠጠጠ! ብሎ ቤቱን ሞላው። አባቷ መርገጫውን እንደ ብስክሌት እሽቅድምድም ይረግጠዋል። ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰች፤ መኪናው ለዘብ አለ። ሌላ ከባድ ቃል መጣ፤ እንደገና ጠጠጠጠጠ! በዚህ ዓይነት ሁለት ገጽ ሄዱ። ከጓዳ የታፈነ የእናቷ ሳቅ ይሰማል።

«አባባ፣ ምንም እየሰማህ አይደለም እኮ!»

«እየሰማሁ ነው! ቀጥይ!»

ቀጮ ቀጠለች። «‹ቀድሞ ያልተነገራቸው አንዳንድ ልጆች የታመሙ ይመስላቸዋል። ለማንም ሳይናገሩ ብቻቸውን ይፈራሉ።›»

መኪናው ቆመ። አባቷ ከግድግዳው ሳይዞር ጠየቀ።

«አንቺም ፈርተሽ ነበር?»

«የምሞት ነበር የመሰለኝ» አለች ቀጮ። ከጀርባው ጋር ማውራት እንዲህ እንደሚቀል አላወቀችም ነበር። «አዲሱን ጫማዬን ለማን እንደምተወው ሁሉ አስቤ ነበር። ከዚያ እማዬ አወቀችና ‹አደግሽ፣ ለአባትሽ እንዳትነግሪ› አለችኝ።»

ጓዳው ውስጥ ሳቁ ጠፋ።

«እኔ ያን ጊዜ የት ነበርኩ?»

«እዚሁ ነበርክ። ዩኒፎርሜን እያስረዘምክልኝ ነበር።»

አባቷ ዞረ፤ ማንም ማንንም አያይም የተባለውን ረሳው። ዓይኑ እርጥብ ነው። «የዚህን ሰፈር ልጆች ልብስ ሁሉ ሲጠብ እኔ ነኝ የምለቀው» አለ። «ማን መቼ እንዳደገ ከእናቱ እኩል አውቃለሁ። ወገቡን ለቀቅ፣ ጫፉን ዘርጋ፤ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ጠቅልዬ እሰጣለሁ። ዝምታዬ ጨዋነት መስሎኝ።» አፍንጫውን በሚሰፋው ጨርቅ ሊጠርግ ሲያነሳው ክው አለ። ሱሪው አንድ እግሩ ከላይ እስከ ታች ተሰፍቶ ተዘግቷል።

«የማን ሱሪ ነው?» አለች ቀጮ።

«የባለዳቦ ቤቱ።»

እናቷ ከጓዳ ስትወጣ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቀምጠው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እሷም መቀስ አንስታ አጠገባቸው ተቀመጠችና ስፌቱን መፍታት ጀመረች። «ለኔም እናቴ ምንም አልነገረችኝም» አለች፣ ማንንም ሳታይ። «እስቲ ያቺን ገጽ ድገሚልኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ቀጮ አባቷን ክንዱን ይዛ፣ መጽሐፉን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ፊት ለፊት ወዳለው ወንበር ወሰደችው። ባለዳቦ ቤቱ ቀድሞ ተነሳ፤ የተፈታውን ሱሪ ለብሷል፣ ምንም አያውቅም።

«እህ፣ አነበብከው?»

«አነበብኩት፤ በጆሮዬ» አለ አባቷ። ሰው ሳቀ። «ነውር ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም። ያገኘሁት እኔ ራሴ ለልጄ መንገር ሲገባኝ ያልነገርኳትን ነው።»

«አንተን ደልለውህ ነው!» አለ ባለዳቦ ቤቱ። «ልጄ እንዲህ ያለ ነገር ማወቅ አያስፈልጋትም! ገና ሕፃን ናት!»

ድምቡሼ አጠገቡ ተቀምጣ ጫማዋን ታያለች። ለቀጮ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትናገር ባለዳቦ ቤቱ አፉን ይይዛል። ድምቡሼ ቀና ብላ አየቻት። ቀጮ ቃሉን መልሳ ዋጠችው፤ የተነገራት በአደራ ነው።

«የኔን ቃል ካላመንክ ራስህ ስማው» አለ አባቷ። «የሚያነብልን ሰው እንፈልግ።»

የሚነሳ ጠፋ። አንዱ ወላጅ ጣሪያውን አየ፣ ሌላዋ ቦርሳዋን መበርበር ጀመረች። የሳይንስ መምህርቷ ልትነሳ ስትል ባለዳቦ ቤቱ፣ «መጽሐፉን ያስመጣችው እሷ አይደለች?» ብሎ አስቀመጣት። አባቷ ወደ ቀጮ አልዞረም። ከትናንት ጀምሮ አንዴም አንብቢልኝ አላላትም። መጽሐፉ ግን ብብቷ ሥር ነው ያለው።

ቀጮ ተነሳች። መጽሐፉ ራሱ የጥርስ አያያዙ ገጽ ላይ ተገለጠ፤ ብሩሽ የያዘ ልጅ ከሥዕሉ ፈገግ አለላት። እዚያው ጀምራ ብትጨርስ ማንም አያውቅባትም። የወረቀት ድምፅ የሚለየው አባቷ ብቻ ነው።

ወደ ኋላ ገለጠችና ማንበብ ጀመረች።

ስለ ጎርናና ድምፅ ስታነብ ከኋላ ያሉ አባቶች ሳቁ። ከዚያ ያቺ ቃል መጣች። አዳራሹ በአንዴ ጸጥ ሲል ቀጮ አንድ ድምፅ ሰማች፤ ጠብ ጠብ ጠብ ጠብ። ወደ ታች አየች። አባቷ መኪና በሌለበት፣ ወንበሩ ሥር፣ በቀኝ እግሩ መሬቱን ይረግጣል። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል፤ ግን ቀጥ ብሎ እያያት ነው። ሳቋን በግድ ዋጠችና ቀጠለች።

«‹ቀድሞ ያልተነገራቸው አንዳንድ ልጆች የታመሙ ይመስላቸዋል።›»

የአባቷ እግር ቆመ። ባለዳቦ ቤቱ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ዞሮ ልጁን አየ። ድምቡሼ ጫማዋን ማየት ትታ ዓይን ዓይኑን ታየው ነበር። ባለዳቦ ቤቱ አፉን ከድኖ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ቀጮ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ድምጿን ሳትቀንስ አነበበች። ገጹ ሲያልቅ ጣቷን አርሳ ገለጠች፤ አንድ ወረቀት ብቻ።