የተጸለየበት ሃርድ ድራይቭ

የፋይሉ ስም አለ፤ ውስጡ የለም።

ሐምራዊት ደጋግማ ከፈተችው። ጥቁር። አባቷ ተገኝ ከመሞቱ በፊት፣ አትላንታ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ለሰርጓ የሚሆን ምርቃት ቀድቶላት ነበር። ካሜራውን የያዘለት የልብ ወዳጁ ካሳሁን ነው። ተገኝም «ለሰርጓ ቀን ብቻ ይከፈት» ብሎ ለቤተ ክርስቲያናቸው ሚዲያ ክፍል አደራ ሰጠ። ሰርጉ ቅዳሜ ነው። ዛሬ ሐሙስ።

ተጠርጣሪ ሩቅ አልነበረም። የሚዲያ ክፍሉ ኃላፊ ያብስራ ለሐምራዊት ሽማግሌ ልኮ እምቢ ተብሏል።

«ዲሊት አድርገኸዋል?»

«በጌታ! እኔ? እስቲ የሌሎቹንም እዪ።»

አየች። የስንት ዓመት ስብከት፣ ሰርግ፣ ቀብር፤ አብዛኛው ስም ብቻ። ቂመኛ ቢሆን የእሷን ብቻ ነበር የሚያጠፋው።

«የድሮዎቹ ድራይቮችስ?»

«ሞሉ። ሁሉንም ወደዚህ ኮፒ አድርገን፣ እነሱን ባዶ አድርገን አገር ቤት ላሉ አጥቢያዎች ላክናቸው።»

«ይሄንን ማን መረጠው? አሥር ቴራባይት ይላል።»

«አልተመረጠም፣ መባ ነው። ጋሽ ካሳሁን ናቸው የሰጡት።»

«ቼክ አላደረግከውም?»

«ጉባኤው እጁን ዘርግቶ የጸለየበትን? ለጌታ የተሰጠ ነገር እንዴት ይፈተሻል?»

ወይ ጉድ! አትላንታ አጠገብ ስማይርና ከተማ ያለው መሥሪያ ቤቷ ድራይቭ ሲገዛ የምትመርጠው እሷ ናት። ሳትፈትሽ አንድ ፋይል አታስገባም። እዚህ ግን ማን ጠየቃት?

ካቻቢቴ አምጥታ ሽፋኑን ፈታችው። ውስጡ ጥፍር የምታክል ሚሞሪ ካርድ ነበረች። ከባድ እንዲመስል ሁለት ብሎን በማስቲሽ ተለጥፎበታል። ካርዷ ከሞላች በኋላ የገባው ሁሉ የትም አልተቀመጠም።

ክላርክስተን ወዳለው የካሳሁን ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ነዳች። ከባንኮኒው ኋላ፣ ደንበኞች የመለሷቸው ተመሳሳይ ድራይቮች ተከምረዋል።

«ጋሼ፣ ፌክ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

ካሳሁን አቀረቀረ። «እኔም ተታልዬ ነው የገዛኋቸው፣ ልጄ።»

«ሲመለሱ ግን አውቀዋል። ለምን ሰጡ?»

«የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አድርገው ሊሾሙኝ ነበር። ጉባኤ ፊት ባዶ እጄን መቆም አፈርኩ። ቪዲዮ ያጠራቅማሉ እንጂ ማን መልሶ ያያል ብዬ…»

«አባዬ እዚያ ውስጥ ነበር!»

ፖሊስ ቢጠራስ? ካሳሁንን ያስር ይሆናል፤ የተገኝን ድምፅ አያመጣም። ልትወጣ በሩን ከያዘች በኋላ ተመለሰች። ምርቃቱን የሰማ ሰው ይኸው አደራ በላ ብቻ ነው።

«ምን አለ? ይንገሩኝ።»

«‹ሐምሪዬ› አለ…» ካሳሁን ግንባሩን ያዘ። «‹ሐምሪዬ፣ እኔ ባልኖርም…›»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ካሜራው እየቀዳ ነበር እኮ፣ ልጄ» አለ እያለቀሰ። «በቃሌ አልያዝኩትም።»