የፉርቃን ጉበት

የከተማው ባቡር ሥራ በጀመረ ሰሞን ነው። ሱንዱስ የፍቅረኛዋን የሙናዊርን ዓይን አይታ ደነገጠች። ሶማሌ ተራ ያለው የመኪና መለዋወጫ ሱቁ ጨለም ይላል፤ መብራቱ አታሎኝ ይሆናል ብላ ወደ በሩ ጠራችው። ብርሃን ላይ ባሰ። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል።

ይህን ቢጫ ታውቀዋለች። ከሁለት ዓመት በፊት ሄፓታይተስ ቢ የሚሉት የጉበት ቫይረስ ሆዱን አሳብጦ አልጋ ላይ ሲጥለው፣ ታላቅ ወንድሙ ፉርቃን አብሮት ሕንድ ሄዶ ከጉበቱ ከፍሎ ሰጠው። ሁለቱም በእግራቸው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ግን ፉርቃን ቡታጅራ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ሙናዊር ብቻውን ሆኖ አያውቅም። ወሬ መሃል ዝም ይልና መዳፉን ቀኝ ጎኑ ላይ ያሳርፋል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሱንዱስ ከማን ጋር እንደሚያወራ አትጠይቅም። ትወደዋለች፤ ግን ሙት ጣውንት ያለባት ያህል ይሰማታል።

«መድኃኒትህን እየወሰድክ ነው?»

«ማስታረቂያውን እውጣለሁ።» ሰውነቱ የወንድሙን ጉበት እንዳይገፋ የሚወስደውን እንዲህ ነበር የሚጠራው።

«የቫይረሱንስ?»

ስለ ዕቃ እንደሚያስረዳ ነጋዴ ረጋ ብሎ መለሰላት። «እሱን ተውኩት። ቫይረሱ የነበረው አሮጌው ላይ ነው፤ ወጥቶ ተጣለ። ይሄ ኦሪጅናል ነው። የፉርቃን ጉበት ንጹሕ ነው ሱንዱ። እንደ በሽተኛ በየቀኑ መድኃኒት ላጠጣው?»

«እኔ ላንተ ብዬ ስከተብ ዶክተርህ ነግራኛለች። ቫይረሱ ጉበት ላይ ብቻ አይደለም፤ ሰውነትህ ውስጥ አድፍጧል። ከቀዶ ጥገናው በፊትም በኋላም ያስተኛው መድኃኒቱ ነው። ከተውከው ነቅቶ አዲሱን ይበላል።»

«የፉርቃንን አይበላም» አለ፣ እንደ ልጅ ክችች ብሎ።

ንዴቷ ገነፈለ። «ፉርቃን አፈር ገብቷል። ከሱ በሕይወት የቀረው አንተ ጋ ያለው ብቻ ነው። እሱንም ልትቀብረው ነው?»

ሙናዊር ካርቶን ላይ ቁጭ አለ። በወንድሙ ቀብር ላይ እንኳ ያላለቀሰው ሰው ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ።

በዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ቫይረሱ ተመልሶ ነበር። ዶክተሯ ተቆጥታ መድኃኒቱን መልሳ አስጀመረችው። ወራት ፈጀ እንጂ ዓይኑ እየጠራ መጣ።

ሙናዊር ሽማግሌ ሲልክ አባቷ ሐጂ ባህረዲን ለብቻዋ ጠሯት።

«ልጄ፣ ይህ ሰው እኮ ግማሹ መቃብር ነው።»

«አውቃለሁ አባዬ። የቀረውን ግማሽ ለኔ ስጡኝ።»

አባትየው ሙግቱን ተዉት፤ ኒካህ ታሰረ።

ከተጋቡ በኋላ ሙናዊር ጠዋት ጠዋት ኪኒኑን ይዞ «ለፉርቃን» ይልና ይውጣል። እኔን ብሎ ሳይሆን ሙቱን ብሎ ነው የሚኖረው እያለች ትቀናለች፤ በሙት መቅናቷም ያሳፍራታል። ለማንም አልተናገረችም።

አንድ ጠዋት ግን ዝም ብሎ ዋጠ።

«ዛሬ ስሙን ረሳኸው?» አለችው።

«አልረሳሁትም» አለ ብርጭቆውን እየመለሰላት። «ዛሬ ለራሴ ነው። ካንቺ ጋር ማርጀት አማረኝ።»