አጥንት የሌለው ከበሮ መቺ

«አጥንት አገኙ!»

ጓደኛዋ ሮዋን ከአጥሩ ጥግ እየሮጠ መጥቶ የብስክሌቷን መሪ ጨብጦ አቆማት። «ማርኒ፣ አጥንት! እዛው አንቺ ያልሽው ቦታ፣ የፖሙ ዛፍ ሥር!»

ማርኒ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ከትከሻዋ ሲንሸራተት አልታወቃትም። በሚስ ፕሮበርት ደጃፍ ላይ የፖሊስ መኪና ቆሟል። የመንደሩ ግማሽ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጓል።

«የምን አጥንት?»

«የልጁ ነዋ! የከበሮ መቺው!»

ከበሮ መቺውን ልጅ የፈጠረችው እሷ ናት፤ ያውም ወጥ ቤት ቁጭ ብላ፣ የተጠበሰ ዳቦ በማርማላታ እየበላች። ያንን ልጅ ማንም አልወለደውም፣ ማንም አልገደለውም። ታዲያ አጥንት ከየት አመጣ? ለአንድ አፍታ የፈጠረችውን ራሷ አመነች። ሳላውቀው እውነት ጽፌ ይሆን? ብላ ስታስብ ጀርባዋን ብርድ ዳሰሳት።

ነገሩ የጀመረው ከአያቷ ትንንሽ ባቡሮች ነው። አያቷና ጓደኞቻቸው በመንደሩ አዳራሽ፣ ረጅም ጠረጴዛ ላይ፣ መዳፍ የማያህሉ ባቡሮች የሚሄዱበት አንድ ሙሉ አገር ሠርተዋል፤ ጣቢያው፣ ድልድዩ፣ በጎቹ ሳይቀሩ። የእነዚህ ሽማግሌዎች ሃይማኖት አንድ ብቻ ናት፦ ስሙ ውሸት ቢሆን ግድ የለም፣ ቤቱ ግን የእውነት ቤት መሆን አለበት። ለጣቢያው መጠጥ ቤት ሲያስፈልግ አያቷ ሚስ ፕሮበርትን አስፈቅደው ቤታቸውን በሜትር ለኩ። የተጣመመችውን ጭስ ማውጫ፣ አረንጓዴውን በር፣ የፖሙን ዛፍ አንድ በአንድ ቀዱ። ከዚያ በሩ ላይ «ዕውሩ ቁራ» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉና «በይ እንግዲህ፣ ምላስ አላነሰሽም፤ ታሪኩን አንቺ ስጪው» አሏት።

ሰጠችው። እንዴት ያለ ታሪክ! በበረዶ ከጦርነት የሚመለስ ከበሮ መቺ ልጅ፤ የኮቱን የብር ቁልፎች አይቶ የጎመጀ ባለ መጠጥ ቤት፤ የፖሙ ዛፍ ሥር የተማሰ ጉድጓድ፤ ከዚያ ወዲህ ብርድ በጠና ቁጥር ከጭስ ማውጫው ውስጥ ድም፣ ድም፣ ድም። ሽማግሌዎቹ ሥራቸውን ለሕዝብ ባሳዩበት በኤግዚቢሽኑ ቀን ሰው ባቡሩን ትቶ እሷ የጻፈችውን ለማንበብ ተሰለፈ። ሮዋን ደግሞ ጽሑፉን በድምፁ አንብቦ፣ የሚስ ፕሮበርትን ቤት በቪዲዮ ቀርጾ አያይዞበት ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ታሪኩ የጣት ቁመት ያላት መጠጥ ቤት ታሪክ መሆኑን አልተናገረም። «ቅድመ አያቴ እዚያ ይጠጣ ነበር» ብሎ ጨመረበት እንጂ።

ማርኒ ይህን ታውቅ ነበር። ከቪዲዮው ሥር ሰዎች የጻፉትን ሁሉ አንብባለች። «ጸጉሬ ቆመ።» «መብራት አብርቼ ነው የተኛሁት።» ዝም ያለችው ፈርታ አይደለም። ጣፍጧት ነው።

አሁን በአጥሩ በኩል ስታይ፣ ሦስት እንግዳ ሰዎች ጭቃ የለበሰ አካፋ ይዘው ፖሊሷ ፊት ቆመዋል። ሚስ ፕሮበርት ገበያ ሲሄዱ ጠብቀው ነው ገብተው የቆፈሩት። ሚስ ፕሮበርት በቤት ጫማቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸውን የመንደሩን አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ፣ የሰከረ ጎረምሳ በጆሮው ይዘው የሚያወርዱ ሴት ነበሩ፤ ዛሬ ፖሊሷን ቀና ብለው እንኳ አያዩም።

«ቢስኪት ነው» ይላሉ ደጋግመው። «ውሻዬ ነው። እኔው ነኝ የቀበርኩት።»

«ይሆናል፤ ግን ባለሙያ እስኪያየው ማንም አይነካውም» አለች ፖሊሷ።

«የምን ውሻ! የልጁ ነው እንጂ!» አለ ሥጋ ሻጩ ታልቦት ከአጥሩ ማዶ። «አያቴ ከበሮውን በጆሮው ሰምቷል። ልጅ ሆኜ ነግሮኛል።»

ማርኒ ታሪኩን ከጻፈች ገና ወሩ ነው፤ የታልቦት አያት ከሞቱ ስንት ዘመን! ዕድሜ ልኩን አጥንት ሲሰነጥቅ የኖረ ሰው የውሻ አጥንት መለየት አቃተው። ውሸታም እንዳትለው ደግሞ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከልቡ ነው።

«አየሽ?» ሮዋን በክርኑ ጎሸም አደረጋት። «ሬዲዮ ጣቢያ ሁሉ ደውሎልኛል። ነገ ይመጣሉ። አንቺን ነው የሚፈልጉት፣ ‹አፈ ታሪኩን ያገኘችውን ልጅ› እያሉ።»

«ያገኘችውን?»

«አቦ አታካብጂ! ‹የፈጠረችውን› ካልሽማ ማን ይሰማሻል? ዝም በይ ብቻ። አጥንቱን እንደሆነ እኛ አልቀበርነውም።»

«ማርኒ» ብለው ተጣሩ ሚስ ፕሮበርት። «ነይ እስቲ ወዲህ።»

ገባች።

«አንቺ መጽሐፍ ታገላብጫለሽ። እውነቱን ንገሪኝ፤ ይሄ ልጅ እዚህ ነው የሞተው?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰሞኑን እሰማዋለሁ። ጭስ ማውጫው ውስጥ ድም፣ ድም ይላል። ተወልጄ ባደግኩበት ቤት እኮ ነው! ለእህቴ ልጅ ደወልኩላት፤ ዛሬ በመኪና መጥታ ትወስደኛለች። ከእንግዲህ እዚህ ማደር አልችልም። ቤቱም ይሸጥ።»

ድም፣ ድም። ማርኒ ያንን የጻፈችው ሰርዛ ደልዛ ነው። መጀመሪያ «ኳ፣ ኳ» ነበር፤ አላስፈራ ሲላት ቀየረችው። አሁን በእኒህ ሴት ጆሮ ውስጥ ገብቶ ከቤታቸው እየነቀላቸው ነው።

ብስክሌቷን መንገድ ላይ ጥላ ወደ አዳራሹ ሮጠች። ስትመለስ ትንሿን መጠጥ ቤት በሁለት እጇ እንደ እንቁላል ይዛ ነበር።

«አብደሻል እንዴ?» ሮዋን በሩ ላይ ቆመባት። «ማርኒ፣ በናትሽ! ነገ እኮ—»

«ዞር በል።»

ትንሿን ቤት ደረጃው ላይ፣ ከሚስ ፕሮበርት እግር አጠገብ አኖረቻት። ያው የተጣመመ ጭስ ማውጫ፣ ያው አረንጓዴ በር። አጥሩ ላይ የነበረው ጫጫታ ረገበ።

«ዕውሩ ቁራ ይኸው» አለች። «ሌላ የለም። ኖሮም አያውቅም።» ጣሪያውን አነሳችው። ውስጡ የደረቀ ሙጫና የክብሪት እንጨት ብቻ ነው። ጭስ ማውጫው ለስላሳ የሚጠጣበት ቱቦ ነው።

«ታዲያ ታሪኩን ማን ነገረሽ?» አለች ፖሊሷ።

«ማንም አልነገረኝም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ይህችን ቃል መስታወት ፊት ስንት ጊዜ ተለማምዳታለች፤ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ከንፈሯን በኩራት ገጥማ። አሁን አንገቷ አልቀና አላት።

«እና አያቴ…» አለ ታልቦት።

«አያትዎ ምንም አልሰሙም፣ ሚስተር ታልቦት።»

«ከለንደን ድረስ ነድተን ነው እኮ የመጣነው!» አለ አንደኛው ባለ አካፋ።

«እንግዲያው የመመለሻውን መንገድ ታውቁታላችሁ» አሉ ሚስ ፕሮበርት።

ፖሊሷ ሦስቱን ወደ መኪናዋ ወሰደቻቸው። ሰው ቀስ በቀስ ተበተነ። ማርኒ ዞር ስትል ሮዋን የለም። ሚስ ፕሮበርት ግን አልተነሱም፤ ዓይናቸው ትንሿ ቤት ላይ ነው።

«ልጁን ጻፍሽው። ይሁን። እኔ የምሰማውንስ? እሱንም አንቺ ጻፍሽው?»

«እሱን አላውቅም» አለች ማርኒ። «አብረን እንስማው።»

ቤት ገብተው እሳት በሌለበት ምድጃ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ። የግድግዳው ሰዓት ብቻ ይሰማል።

ድም።

የክንዷ ጸጉር ቆመ። ያ ልጅ እንደሌለ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ፍጡር የለም፤ ቢሆንም እግሮቿ ሊሮጡ ተዘጋጁ። የወንበሩን ጠርዝ ጨምድዳ ያዘች። ድም። ድም። ጥላሸት ረገፈ፤ ተከትሎም አንድ ደረቅ ጭራሮ ተንከባልሎ ምድጃው ውስጥ ወደቀ። ከጣሪያው በላይ ቁራ ጮኸ።

ሚስ ፕሮበርት ጭራሮውን አንስተው በጣታቸው አገላበጡት።

«ከበሮ መቺሽ ጎጆ እየሠራ ነው» አሉ። ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም። «ባለሙያው ካየው በኋላ ቢስኪትን መልሰሽ የምትቀብሪው አንቺ ነሽ።»

«እሺ።»

«ጠለቅ አድርገሽ።»

«እሺ፣ ሚስ ፕሮበርት።»

ደጅ መኪና ቆመ፤ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። የእህታቸው ልጅ መሆን አለባት። ሚስ ፕሮበርት ሊነሱ የወንበሩን ክንድ ተደገፉ።

«እርስዎ ይቀመጡ፤ ለእሷም እኔው እነግራታለሁ» አለች ማርኒ። ጥላሸት ያረፈበትን እጇን በትምህርት ቤት ቀሚሷ ጠረገችና በሩን ልትከፍት ሄደች።