ዝም ያለው ካርድ

ዶክተር ቪሬንድራ ጎውንደር በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ወለል ላይ በደረታቸው ተደፍተዋል። ከግራ ጆሯቸው በላይ ያለው አጥንት እንደ ሸክላ ደቋል፤ ደማቸው እስከ ጠረጴዛው እግር ወርዶ ረግቷል። ከበላያቸው፣ ጠረጴዛው ላይ የተተከለ ክንድ መሰል ማሽን ተዘርግቶ ቆሟል። ጫፉ ላይ ደምና ሽበት ተጣብቋል።

ኢንስፔክተር ሜሬሴኒ ቱይካባ በሩ ላይ ዣንጥላዋን አራገፈች። ደረጃውን ስትወጣ ጉልበቷ እያመማት ነበር፤ አስከሬኑን ስታይ ግን ረሳችው። በፊጂ ዋና ከተማ፣ በሱቫ ፖሊስ በኖረችበት ዘመን በዱላም በቆንጨራም የሞተ አይታለች። «እንዲህ የሚመታ ቂም ያለበት እጅ ነው» አለች በልቧ።

«ማን ነካቸው?»

«እኔ ነኝ» አሉ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሳቲሽ ማሃራጅ። ሸሚዛቸው ከደረት እስከ ወገብ በደም ርሷል። «ነፍሳቸው አልወጣችም ብዬ አቀፍኳቸው። ምን ዋጋ አለው! ያቺ የኪሪባቲ ደሴት ተማሪ እዚያ ቤቷ ተቀምጣ ክንዱን ስታንቀሳቅስ፣ እሳቸው ከሥሩ ጎንበስ ብለው ነበር። አናታቸውን አለቻቸው። ደውዬ ነግሬያታለሁ።»

«እርስዎ ነገሯት?»

«የሠራችውን ማወቅ አለባት እንጂ!»

ሜሬሴኒ ክንዱን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከጣሳ ቆርቆሮ የተሠራ ይመስል ቀጭን ነው።

ከጎን ክፍል የምታስተምረው ዊኒፍሬድ ፎንግ ዓይኗ ቀልቷል። ጎውንደር ለትምህርት ውጭ አገር በከረሙበት ዓመት ክፍላቸውን የያዘችላቸው እሷ ነች።

«እስቲ እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ» አለቻት ሜሬሴኒ። «ይህ ሁሉ ምን ይሠራል?»

«ቺፕ ነው የምናስተምረው። ባትሪ የለውም። አንባቢው መሣሪያ የሬዲዮ ሞገድ ሲልክበት ይነቃና ቁጥሩን ይናገራል። ተማሪዎቻችን በየደሴቱ ስለሆኑ ክንዱን ከቤታቸው በኢንተርኔት ያዙታል። ቺፑን ያርቅላቸዋል፣ ያቀርብላቸዋል፣ ብረት ይጋርድባቸዋል። ቺፑ የት ላይ ዝም እንደሚል በካሜራ እያዩ ይለካሉ።»

«አንገትሽ ላይ ያለው ካርድስ?»

«በዚያው ቺፕ የተሠራ ነው። እዚህ ጠረጴዛ አጠገብ የቆመን ሁሉ መሣሪያው ያነበዋል።» በአንባቢው ስክሪን ላይ ወደተደረደሩት ቁጥሮች ጠቆመች። «ጠዋት በሙከራው ሰዓት ያነበበው የቪሬንን፣ የዶክተር ጎውንደርን ማለቴ ነው፣ ብቻ ነው። ከዚያ የእሳቸውም ጠፋ። ካርዳቸው ላይ ሲወድቁ ነዋ! የሰው ገላ ውሃ ነው፤ ሞገዱን ይውጠዋል።»

«ሌላ ሰው አልነበረማ?»

«መሣሪያው እንደሚለው አልነበረም።»

ቴክኒሻኑ ጆኔ ራቱሌቩ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። ትከሻው በር ይዘጋል፤ የቀኝ እጁ ጣቶች አብጠዋል።

«ትናንት የጎውንደርን ኮሌታ አንቀሃል አሉ።»

«አንቄያለሁ እማ፣ አልዋሽም። ‹ተማሪዎቼን የምታታልለው አንተ ነህ ወይ?› ሲሉኝ ደሜ ፈላ። የተቀጠርኩት ገና ትናንት ነው ማለት ይቻላል። የማንን ምን እንዳታለልኩ እንኳ አላውቅም!»

«ጣትህስ?»

«የቅዳሜው የራግቢ ጨዋታ ነው። ደግሞ ተሸንፈን!»

«አስከሬኑን ማን አገኘው?»

«እኔ። ስጮህ ዊኒፍሬድም ማሃራጅም ከየክፍላቸው ሮጠው መጡ። ሦስታችንም ተንበርክከን ልናነሳቸው ታገልን።»

ማሃራጅ ቢሯቸውን በካርዳቸው ከፍተው አስገቧት። በሩ ወዲያው ጠቅ ብሎ ተከፈተ። ሜሬሴኒ ካርዱን አየችው፤ ሁለቱም ፊቱ ቢጫ ቅባት ነክቶታል።

«ካርድዎ ቁርስ በልቷል።»

«ሚስቴ እርድ ታበዛለች» አሉና በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። ሮቲ የሚሉት ቂጣቸው በባዶ ወረቀት ላይ ተዘርግቷል፤ ዝንብ ወርሮታል።

«ጎውንደር በሌሉበት ዓመት ማሽኑን ማን ነበር የሚያንቀሳቅሰው?»

«እኔ ራሴ። ዊኒፍሬድ ታስተምር ነበር፤ መሣሪያው ግን በእጄ ነበር። አንዲት ቀን ቆሞ አያውቅም!» አሉ፣ በሐዘናቸው መካከል ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

ወደ ቤተ ሙከራው ስትመለስ ለብረት ሙከራ የሚያገለግሉትን ወፍራም የብረት ሰሌዳዎች መደርደሪያው ላይ አገኘቻቸው። ሁለቱ ላይ ያለው አቧራ በጣት ስም ያስጽፋል። ሦስተኛው እንደ ታጠበ ሳህን ያበራል።

ከዚያ ለተማሪዋ ወደ ኪሪባቲ፣ ታራዋ ደወለች። በስክሪኑ ላይ ፊቷ ያበጠ ሴት ታየች፤ ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል።

«ገደልኳቸው፣ እመቤቴ» አለች ቴሬቲያ። «ኑና እሰሩኝ። ልጆቼን ለእናቴ እሰጣለሁ።»

«መጀመሪያ ያየሽውን ንገሪኝ።»

«ድንገት ምስሉ ጨለመ። ጨርቅ የጣሉበት ነው የሚመስለው። እኔ ደግሞ ተናደድኩና ቁልፉን ደጋግሜ ተጫንኩት። ‹መምህር፣ ተኝተዋል እንዴ?› ብዬ ጻፍኩላቸው። እሳቸው ለካ…»

«ሌላ ጊዜ ሙከራው እንዴት ነበር?»

«ያው ነው። ክንዱ ይሄዳል፤ እንሽላሊቷ ትወጣለች።»

«የምን እንሽላሊት?»

«የግድግዳዋ ናታ! ሙከራ በጀመርኩ ቁጥር ከጥግ ትወጣና መብራቱ ጋ ስትደርስ ትመለሳለች። ልጆቼ ስም አውጥተውላታል። ዛሬ ግን አልመጣችም።»

ሜሬሴኒ ወንበሯ ላይ ቀጥ አለች። «ስልኩን እንዳትዘጊው» አለቻት።

ሦስቱም ተጠሩ። አስከሬኑ ተነሥቷል፤ ደሙ ግን እዚያው ነው። የቴሬቲያ ፊት ከትልቁ ስክሪን ይመለከታቸዋል። ሜሬሴኒ ጉልበቷን እያማረረች ደሙ አጠገብ ተንበረከከችና ጭንቅላቷን ከክንዱ ሥር አስገባች።

«ጆኔ፣ አስነሣው። ቴሬቲያ፣ ጠዋት የተጫንሽውን ተጫኚ።»

«አላደርገውም! አንድ ሰው አይበቃኝም?»

«ልጄ፣ ተጫኚ ብያለሁ።»

ክንዱ አጉረመረመና ወረደ። ግንባሯን ጠቅ አደረጋት፤ ተንቀጠቀጠና ቆመ። ሜሬሴኒ ግንባሯን እያሻሸች ተነሣች።

«የልጅ ልጄ ከዚህ የባሰ ትመታኛለች። ይህ ማሽን ሰው አይገድልም። ደሙን በእጅ የቀባው ሰው አለ። ጎውንደርን የገደለው ያ የታጠበ ብረት ነው።»

ቴሬቲያ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«መሣሪያው ግን ቪሬን ብቻቸውን ነበሩ ይላል» አለች ዊኒፍሬድ።

«መሣሪያው ካርድ እንጂ ሰው አይቆጥርም። ብረት ቺፕን ዝም ያሰኛል፤ ይህንን እናንተው ናችሁ የምታስተምሩት። ገዳዩ ካርዱን በብረት ጠቅልሎ ገባ። በሩን የከፈቱለት ጎውንደር ናቸው። ካሜራውን ጋረደው፤ ጎውንደር ምን ሆነ ብለው ጎንበስ ሲሉ መታቸው፣ ደገመ፣ ሠለሰ።» በአንባቢው ስክሪን ላይ ወዳሉት ቁጥሮች ጠቆመች። «የረሳው ነገር ቢኖር መሣሪያውን ማጥፋት ነው። ጆኔ ሲጮህ ሦስታችሁም እዚህ ተንበረከካችሁ። መሣሪያው ግን የሰማው ሁለት ካርድ ነው። ጆኔን ሰማ፤ ዊኒፍሬድን ሰማ። አስከሬኑን ያቀፈውን ሰው አልሰማም።»

ሁለቱ ወደ ማሃራጅ ዞሩ።

«ካርዴ ተበላሽቶ ነዋ!» አሉ ማሃራጅ።

«ቢሮዎን በፊቴ ከፈተ እኮ! ከሮቲዎ ላይ የገፈፉት የአልሙኒየም ፎይል ነው አፉን የዘጋው፤ እርዱም ተጣብቆበት ቀረ። ጩኸቱ ሲሰማ ፎይሉን ለመፍታት ጊዜ አላገኙም። አስከሬኑን ያቀፉትም ሸሚዝዎ ላይ ቀድሞ ለነበረው ደም ምክንያት ሲፈልጉ ነው።»

«እሺ፣ ለምን እገድላቸዋለሁ? ለምን?»

«ስለ እንሽላሊቷ። አንዲት እንሽላሊት በየሙከራው በአንድ መንገድ አትሄድም፤ የተቀዳ ምስል ካልሆነች በቀር። ማሽኑ ተሰብሮ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቹን በቅጂ ሲያስተምሯቸው ኖሩ። የብረቶቹ አቧራም ያንኑ ይመሰክራል። ጎውንደር ተመልሰው ማሽኑን ጠገኑ፤ ማን እንዳታለለም መጠየቅ ጀመሩ። ትናንት ጆኔን ጠየቁ። ዛሬ ተራው የእርስዎ ነበር።»

የማሃራጅ ፊት አመድ መሰለ። ወዲያው ያንኑ ብረት ከመደርደሪያው መንጭቀው በሁለት እጃቸው ወደ ሜሬሴኒ ጭንቅላት ሰነዘሩ። ጆኔ አንገቱን ቀብሮ ወገባቸው ላይ ተወረወረ። ብረቱ ትከሻው ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር ድምፁ ለሁሉም ተሰማ። ቢሆንም አልለቀቃቸውም። ጠረጴዛውን ገልብጠው አብረው ወደቁ፤ የማሃራጅ ጥርስ ወለሉ ላይ ረገፈ።

«ምን ማድረግ ነበረብኝ?» እያሉ ጮኹ፣ ካቴናው ሲገባላቸው፣ ደም እየተፉ። «መለዋወጫ የለም! ደሴቶቹ ይጠብቃሉ! ምስል ሰጠኋቸው፣ ደስ ብሏቸው ተማሩ! ማን ተጎዳ?»

«እኔ!» አለች ቴሬቲያ ከስክሪኑ። «ልጅ ጡቴ ላይ አድርጌ ሳጠና ያደርኩበት ዓመት ነው! እሱስ ይሁን። ገዳይ ነሽ ብለው ደውለውልኝ ማን ተጎዳ ይላሉ?»

ማሃራጅ ቀና ብለው አላዩዋትም። ፖሊሶቹ ጎትተው አወጧቸው። ዊኒፍሬድ ጆኔን ደግፋ ወደ ሐኪም ወሰደችው።

ሜሬሴኒ የወደቀውን ወንበር አንሥታ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች።

«እመቤቴ» አለች ቴሬቲያ በመጨረሻ። «ያንን ነገር ስጽፍላቸው… በሕይወት ነበሩ?»

«አልነበሩም።»

«ተሠቃይተዋል?»

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም፣ ጎውንደር ራሳቸውን ሲከላከሉ ጣቶቻቸው እንደተሰበሩ ከጥቂት ጊዜ በፊት በጆሮዋ ነግሯታል። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲዋሽ ስትይዝ የዋለችው ሜሬሴኒ ዓይኗን ሳትሰብር «የመጀመሪያው ምት በቂ ነበር፤ ምንም አላወቁም» አለች።

ቴሬቲያ ረጅም ጊዜ አየቻት። ሕፃኑን ከመሬት አንሥታ ትከሻዋ ላይ አደረገችው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። «ውሸትም ቢሆን።»