የቀጭኑ ደብዳቤ

ስታጥበው ከነበረው የወንድሟ ጃኬት ኪስ የወጣውን ነገር መጀመሪያ ሶፍት መስሏት ልትጥለው ነበር። ስትዘረጋው ግን ሰማያዊ ቀለም ተጨማልቆበታል። ክው አለች። ደብዳቤው ነው።

እናቷ ወደ ሥራ ስትወጣ «ኪሱን ሳታዪ እንዳትዘፈዝፊ» ብላት ነበር። እሷ እቴ፣ ጆሮዋ ላይ ሙዚቃ ሰክታ ራሷን ነቅንቃ አለፈቻት። የፈራችው የልብሱ ጭቃ አይለቅም ብላ ብቻ ነበር፤ ደብዳቤውማ ሻንጣ ውስጥ ያለ መስሏታል።

ወንድሟ ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ገና አራት ቀኑ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለመመዝገብ ሲሰለፍ፣ ከፊቱ የቆመው ልጅ እስክሪብቶ አዋሰው። «ቀጭኑ» ይሉታል። ከዚያ ወዲህ አንድ ምሽግ ቆፍረው፣ ከአንድ ኮዳ ጠጥተው፣ አንዱ ሲተኛ ሌላው እየጠበቀው ኖሩ። ወታደሮቹ ወደ ግንባር ከመሄዳቸው በፊት ለቤተሰብ የጻፉትን ደብዳቤ ከጓደኛቸው ጋር ይቀያየራሉ፤ የተረፈው የሌላውን ያደርሳል። ቀጭኑ አልተረፈም። ነገ ወንድሟ ደብዳቤውን ለቀጭኑ እናት፣ ለልብስ ሰፊዋ፣ ሊያደርስ ነው።

ብትጥለውስ ማን ያውቃል? ወንድሟ እንደሆነ ልቡ እዚህ የለም፤ ትናንት ጫማውን አድርጎ ጫማውን ሲፈልግ ነበር። መንገድ ላይ ጣልኩት ብሎ ያስባል። ያስብና ደግሞ ዕድሜ ልኩን ራሱን ይረግማል። ወረቀቱን ይዛ ተነሳች።

ወንድሟ ወጥ ቤት ውስጥ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ድንች ይልጣል።

«ሚጣ፣ ጃኬቱ ታጠበ?»

«ታጠበ።» እርጥቡን ወረቀት በመዳፏ ዘረጋችለት። «ኪሱን አላየሁም። እማዬ ነግራኝ ነበር።»

ቢላዋውን አስቀመጠ። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። እጁን በሱሪው ጠርጎ ወረቀቱን እንደ ጫጩት በሁለት እጁ ተቀበላት።

«ምን እንደሚል ታውቃለህ?» አለችው።

«የሰው ደብዳቤ ይከፈታል እንዴ?» ወረቀቱን እንዲደርቅ ጎኑ ዘርግቶ አስቀመጠው። «ቀጭኑ ግን ሲጽፍ አፉ አያርፍም፤ የሚጽፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ ይናገራል። ‹የስፌት መኪናሽን ፔዳል ሳልጠግንልሽ በመምጣቴ ይቅር በይኝ› ሲል ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን እንቅልፍ ወስዶኝ አልሰማሁም።» ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ድንቹን መልሶ አነሳ። «በቃ፣ ጠፋብኝ እላቸዋለሁ። አንቺ ነገ ፈተና አለሽ፣ አጥኚ።»

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን አልሆነላትም።

በማግስቱ ፈተናዋን ጨርሳ ስትመጣ ወንድሟ በር ላይ ጫማውን ያስራል። የደረቀውን ወረቀት በደብተር ሽፋን መሃል አድርጋ ያዘችው። ከዚያ ወደ መሣሪያ ሳጥኑ ሄዳ ካቻቪቴና የዘይት ጠርሙስ አመጣች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አላት።

«ለፔዳሉ።»

ቀና ብሎ አያት። ከተመለሰ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም።

«ስንደርስ ግን አንተ አትናገር» አለች፣ በሩን እየከፈተች። «ጃኬቱን ያጠብኩት እኔ ነኝ። እኔ እነግራቸዋለሁ።»